አለርጂ ያለበት ሰው ባለበት ቤት የቤት እንስሳ ለማስገባት፦ ከማስታወሻ ደብተሩ እስከ ሦስተኛው ወር

ታሪኩ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ቤተሰብ ከመሃል ከተማ ወጥቶ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ ወይም ገላን አካባቢ ግቢ ያለው ቤት ይገባል። ልጆች ውሻ ይምጣልን ይላሉ፣ ጎረቤት ቡችላ ይሰጣል፣ ቡችላው ይመጣል። ማስነጠሱ፣ የዓይን ማሳከኩና የሌሊት ሳሉ የሚጀምረው ሁሉም ቡችላውን ከለመደ በኋላ ነው። መድኃኒት ይገዛል፤ አልሆን ሲል ቡችላው በማዳበሪያ ከረጢት ተደርጎ ከሰፈር ራቅ ብሎ ይጣላል። በከተማው ዳር የተጣለ ቡችላ ደግሞ የጅብ ራት ነው። ልጁም ታመመ፣ እንስሳውም ሞተ። ሁለቱም ባልሆነ ነበር።

ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ እንስሳው ቀድሞ ይመጣል፣ ሙከራው ይከተላል። እዚህ የተጻፈው ተገላቢጦሹ ነው። መጀመሪያ የታመመውን ሰው ታጠናላችሁ፣ ቀጥሎ እንስሳውን በሌላ ሰው ቤት ትሞክራላችሁ፣ ቀጥሎ ቤታችሁን ታዘጋጃላችሁ። እንስሳው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም ተደምሮ ሁለት ወር ያህል ይፈጃል። ደረጃ አትዝለሉ።

ከሁሉ በፊት፦ ጥፋቱ የፀጉሩ አይደለም

አለርጂ የሚቀሰቅሰው በእንስሳው ምራቅ፣ በቆዳው ቅባት፣ በሽንቱና ከቆዳው በሚረግፈው ደቃቅ ቅርፊት ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ድመት ራሷን ስትልስ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ምላሷ ያለፈበት ፀጉር ይርሳል፣ ብዙም ሳይቆይ ይደርቃል፤ የደረቀው ምራቅ በዓይን የማይታይ ብናኝ ሆኖ ይነሳል። ብናኙ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ አየር ላይ ለሰዓታት ይቆያል፤ ሶፋ፣ መጋረጃና ጋቢ ላይም ይጣበቃል። በልብስ ላይ ሆኖ ድመት ገብታበት ወደማታውቅ ቤትና ክፍል ውስጥ ሳይቀር ይሄዳል።

ስለዚህ "ፀጉሩ አይረግፍም፣ አለርጂ አያመጣም" እያለ ቡችላ የሚሸጥላችሁን ሰው አትመኑ። አለርጂ ፈጽሞ የማያመጣ የውሻም የድመትም ዝርያ የለም። እንዲህ ተብለው የሚሸጡ ውሾች ያሉባቸው ቤቶች አቧራ ተወስዶ ሲለካ የፕሮቲኑ መጠን ከሌሎች ውሾች ቤት የተለየ ሆኖ አልተገኘም። በዚህ ምክንያት ከፍተኛ ዋጋ የተጠራበት ቡችላ ካለ ገንዘባችሁን ለክትባቱና ለምግቡ አስቀምጡ።

ደረጃ 1፦ ሕመሙ ከምን እንደሚመጣ ለዩ (2 ሳምንት)

1. አንድ ደብተር ለዚህ ብቻ መድቡና ገጹን በአምስት ክፈሉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የት ነበር፣ አጠገቡ ምን ነበር፣ ምን ተሰማው።

2. ለተሰማው ስሜት ነጥብ ስጡ። 0 ማለት ምንም። 1 ማለት ጥቂት ማስነጠስ ወይም ማሳከክ። 2 ማለት ሥራ ወይም እንቅልፍ የሚያውክ። 3 ማለት ደረት የሚያፍን ወይም ሲተነፍስ ሲር ሲር የሚያሰኝ።

3. ጠዋትና ማታ መዝግቡ። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት እንስሳ ያለበት ቤት አትሂዱ።

እኛ ጋ አፍንጫው የሚያስቸግረው ሰው ሁሉ "ሳይነስ ነው" ይባልና ይታለፋል። የከተማ ዳር ቤት ግን የራሱ ብዙ ምንጭ አለው፤ ለይታችሁ ካልጻፋችሁት በኋላ ሁሉም በእንስሳው ላይ ይላከካል። እነዚህን ተከታተሉ፦

አጎዛ፣ የቆየ ስፖንጅ ፍራሽና ምንጣፍ። በአቧራቸው ውስጥ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ተባዮች ከሚታወቁት የአለርጂ ምንጮች ዋናዎቹ ናቸው። ምልክቱ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ የሚብስ ማስነጠስ ነው። በበዓል የታረደው በግ አጎዛ ሶፋው ላይ ወይም ልጁ አልጋ ሥር ከተነጠፈ ለሁለቱ ሳምንታት አውጡትና ለውጡን እዩ።

ሻጋታ። ከሰኔ እስከ መስከረም ግድግዳው የሚረጥብ ቤት፣ በተለይ ቁም ሣጥን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የቆመበት ክፍል። ቁም ሣጥኑን ሳብ አድርጉና ኋላውን እዩ።

ጭስ። እጣን፣ የከሰል ምድጃ፣ ከግቢ ጀርባ የሚቃጠል ቆሻሻ። ጭስ ራሱ አለርጂ ባይሆንም የተቆጣን አፍንጫና ደረት ያባብሳል። ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ወይም በደመራ ሰሞን የተያዘ ማስታወሻ አይታመንም፤ ሳምንቱን አሳልፉ።

ሣርና አበባ። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ የሚብስና ቄጠማ ሲጎዘጎዝ የሚነሳ ማስነጠስ።

ፈረስና በግ። በጋሪ ሲሄድ ወይም የበዓል በግ ግቢ ሲታሰር የሚቀሰቀስ ከሆነ ጥሩ ፍንጭ ነው። ለፈረስ የሚያስነጥሰው ሰው ለውሻም የግድ አያስነጥሰውም፣ ግን ሙከራውን በጥንቃቄ ጀምሩ።

ቁንጫ። እግርና ወገብ ላይ ተከታትለው የወጡ፣ መሃላቸው ነጥብ ያላቸው የሚያሳክኩ እብጠቶች ብዙ ጊዜ ንክሻ ናቸው። መፍትሔያቸው ሌላ ነው።

4. ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ለእንስሳ አለርጂ የቆዳ ወይም የደም ምርመራ ማግኘት ከቻላችሁ አድርጉ። እንደ ሴትሪዚንና ሎራታዲን ያሉ የአለርጂ መድኃኒቶች የቆዳውን ምርመራ ስለሚሸፍኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ቀድመው ይቋረጣሉ፤ ስንት ቀን እንደሆነ የሚመረምራችሁን ባለሙያ ጠይቁ።

ምርመራውን ብቻውን አትያዙ። ውጤቱ "ለድመት አለው" ብሎ ከድመት ጋር ደህና የሚኖር ሰው አለ፤ ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ የሚያስነጥሰውም አለ። የምርመራው ወረቀትና ደብተሩ ሲስማሙ ነው የምታምኑት።

ምርመራ ካጣችሁስ? በደብተሩና በደረጃ 4 ሙከራ መሥራት ይቻላል። ለአስም በሽተኛ ግን ያለ ሐኪም ምክር አይሠራም።

ደረጃ 2፦ ማቆሚያውን አስቀድማችሁ ተስማሙ (አንድ ምሽት)

ቤተሰቡ ሁሉ ባለበት ተቀመጡ። አምስት ነገር ወረቀት ላይ ስፈሩ።

1. ፀጉርና ላባ ያለው እንስሳ የማይሞከርባቸው ቤቶች። ባለፈው አንድ ዓመት በአስም ምክንያት ድንገተኛ ክፍል የገባ፣ ሌሊት በሳል የሚነቃ፣ ወይም ፓፉን (ሲታፈን በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት) በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ የሚጠቀም ሰው ካለ አስሙ በሐኪም እስኪስተካከል ድረስ ሙከራ የለም። እንስሳ ነክቶ ፊቱ ወይም ምላሱ አብጦ የሚያውቅ ሰው ካለም እንዲሁ። እነዚህ ቤቶች ቀጥታ በደረጃ 3 ወዳለው የዓሣ ክፍል ይሂዱ።

2. የመጨረሻው ቃል የማን ነው? የታመመው ሰው። ልጅም ቢሆን። "ለምዶታል፣ አትቅበጥ" የሚል ታላቅ ወንድም ድምፅ የለውም።

3. እንስሳው ካልተስማማ የሚቀበለው ማን ነው? ስሙን ጻፉ፣ ሄዳችሁም አናግሩት። ተቀባይ ሳይገኝ ወደ ደረጃ 3 አትለፉ። ከመመሪያው ሁሉ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ሜዳ ላይ የሚጣሉት ቡችሎችም የሚመጡት ከዚሁ ነው።

4. ማን ያጥባል፣ ማን ይጠርጋል፣ ማን ይመግባል? አለርጂ የሌለበት ሰው። በቤቱ ይህን የሚሠራ ሌላ ሰው ከሌለ እንስሳው አይመጣም። ሥራውን የቤት ሠራተኛ ላይ ልትጥሉ ካሰባችሁ መጀመሪያ እሷን ጠይቁ፤ ለእሷም አለርጂ ሊኖርባት ይችላል።

5. ተከራይ ከሆናችሁ የአከራይ ፈቃድ። በግልጽና በጊዜ ጠይቁ፦ "ጋሼ፣ ውሻ ልናመጣ አስበን ነበር። ቤቱን ከበሩ ጥግ ብንሠራለት ይፈቅዱልናል? ካላመቸዎት ሳናመጣው አሁኑኑ ቢነግሩን ይሻለናል።" ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምትኖሩ፣ ቱሉ ዲምቱም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ ውሻን በረንዳ ላይ ማሳደግ ለእንስሳውም ለታማሚውም አይሆንም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብናኙ ሳሎን ይገባል።

ደረጃ 3፦ የትኛው እንስሳ?

ሴት ውሻ፣ ግቢ ውስጥ። አለርጂው ቀላል ለሆነ፣ አስም ለሌለበት ቤት የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ በእኛ አገር ውሻ ቤት ውስጥ አለማስገባት የቆየ ልማድ ስለሆነ ደንቡን ለማስከበር ከማንም ጋር አትጣሉም፤ ውጭ የሚኖር ውሻ ደግሞ ሳሎን ውስጥ የሚተወው ፕሮቲን በብዙ ያነሰ ነው። ሁለተኛ፣ ከውሻ የአለርጂ ፕሮቲኖች አንዱ የሚመነጨው ከወንድ ውሻ ፕሮስቴት እጢ ነው። ለእሱ ብቻ አለርጂ የሆነ ሰው ሴት ውሻን ሊችል ይችላል። ሰው ሴት ውሻን የሚሸሸው መውለዷን ፈርቶ ነው፤ እንዳትወልድ ማድረግ የእንስሳት ሐኪም የሚሠራው የታወቀ ቀዶ ሕክምና ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። "ግቢ ውስጥ" ማለት ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ መረሳት አይደለም። በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት አብሯት የሚሆን ጤነኛ ሰው ከሌለ ባትመጣ ይሻላል።

ድመት። ለአይጥ ብላችሁ ከሆነ የምታስቡት፣ አለርጂ ባለበት ቤት መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን ድፈኑ፣ እህሉን በክዳን ዕቃ አድርጉ። የድመት ፕሮቲን ከውሻ ይበልጥ ደቃቅና ተጣባቂ ስለሆነ፣ ድመትም ወደ አልጋ ስለምትወጣ፣ ከሁሉ አስቸጋሪዋ እሷ ናት። ሙከራውን ካለፋችሁ ሴት ወይም የተኮላሸ ወንድ ምረጡ፤ ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ፕሮቲኑን በብዛት ያመነጫል።

ጥንቸል። "ትንሽ ስለሆነች አታስነጥስም" የሚባለው ትክክል አይደለም። ምራቋና ሽንቷ አለርጂ ያመጣሉ፣ የምትበላው ደረቅ ሣርም ራሱን የቻለ ምንጭ ነው። ውጭ በተሠራ ቤት ካልሆነ አታስቡት።

እርግብ፣ ዶሮና የጎጆ ወፍ። የላባቸውና የኩሳቸው ብናኝ ከማስነጠስ አልፎ ሳንባን ሊጎዳ ይችላል። የእርግብ ቤት ጠርጎ ከሰዓታት በኋላ ደረቅ ሳል፣ ትንፋሽ ማጠርና ትኩሳት የሚይዘው ልጅ "ብርድ መታው" ተብሎ አይታለፍ፤ ሐኪም ይየው። ለእንቁላል ያስቀመጣችኋቸው ዶሮዎች ካሉ ቤታቸውን አለርጂ ያለበት ሰው አይጥረግ።

ኤሊ። ከሜዳ አንስታችሁ አታምጡ። የዱር እንስሳ ነው፣ ያለ ፈቃድ መያዝም በሕግ ክልክል ነው። ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ስለሚያስተላልፍ ከ5 ዓመት በታች ልጅ ላለበት ቤት ጭራሽ አይመከርም።

ዓሣ። አስም ላለበት ቤት መልሱ ይህ ነው፣ በደንብ ከተያዘ ልጆችም ይወዱታል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ የሞቀ ውሃ የሚፈልጉትን ዓይነቶች ትታችሁ ጎልድፊሽ ምረጡ፤ ማሞቂያ አይፈልግም። ለሁለት ጎልድፊሽ ቢያንስ 80 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አዘጋጁ፤ ክብ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዓሣ ብዙ ጊዜ አይቆይም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በባልዲ ክፍቱን 24 ሰዓት አሳድራችሁ ጨምሩ። በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ቀይሩ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለዚህ የሚሆን አንድ ጀሪካን ሁልጊዜ ሞልቶ ይቀመጥ። የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አትጠቡ፤ ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ አለቅልቁት፣ ካልሆነ ውሃውን የሚያጠሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። መብራት ሲጠፋ መመገብ አቁሙ፤ ጠፍቶ ከቆየ በየጊዜው በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፣ አየር ይገባል። ማስጠንቀቂያው አንድ ነው፦ በደረቀ ትል የተሠራ የዓሣ ምግብ ብናኙ አለርጂ ሊቀሰቅስ ይችላል። ምግቡን አለርጂ የሌለበት ሰው ይስጥ፣ ዱቄት የሆነውን ትታችሁ እንክብል የሆነውን ግዙ።

ደረጃ 4፦ ሙከራው (ከ3 እስከ 5 ሳምንት)

ከሁሉ በላይ ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ነው።

በማን ላይ ይሞከር? ከተቻለ ልትወስዱት ባሰባችሁት እንስሳ ላይ፣ ያውም ባደገ። በቡችላና በድመት ልጅ የተደረገ ሙከራ ያታልላል፤ እያደጉ ሲሄዱ የሚያመነጩት ይጨምራልና። ቡችላ የግድ ከሆነ እናቲቱ ባለችበት ቤት ሞክሩ። እኔ ግን ያደገ ውሻ ውሰዱ እላለሁ፤ ጠባዩም አለርጂውም ታውቆ ይመጣል።

ከመሄዳችሁ በፊት፦
- የአለርጂ እንክብል ከሙከራው በፊት ለጥቂት ቀናት ይቁም፤ ካልቆመ ምልክቱ ይሸፈናል። አስም ያለበት ሰው በየቀኑ የሚስበውን መከላከያ መድኃኒት ግን በፍጹም አያቋርጥም፣ ፓፉም ኪሱ ውስጥ ይሁን።
- ጉንፋን በያዘው ሰሞን አትሂዱ።
- ለእንስሳው ባለቤት ቀድማችሁ ተናገሩ። እንግዳ ሲመጣ ቡና ይቆላል፣ እጣን ይጨሳል፤ በዚያ ጭስ ውስጥ የተደረገ ሙከራ ዋጋ የለውም። "እትዬ፣ ዛሬስ ለድመቷ ብለን ነው የምንመጣው። እጣኑን ለሌላ ቀን ያቆዩልን፣ ለቡናው ሌላ ቀን መጥተን እንጠጣለን" በሉ። ይገባቸዋል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በጉብኝቶቹ መሃል ቢያንስ ሁለት ቀን ይለፍ።

1. የመጀመሪያው ጉብኝት፣ 30 ደቂቃ። እንስሳው ባለበት ክፍል ወይም ግቢ መቀመጥ ብቻ። መንካት የለም።

2. ሁለተኛው፣ 1 ሰዓት። ጀርባውን በእጅ መዳበስ። እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን እንዳይነካ አጠገቡ ሁኑ፤ ልጆች ይህን ይረሳሉ።

3. ሦስተኛው፣ 2 ሰዓት። መጫወት፣ ማቀፍ። እንስሳው ክንዱን ቢልሰው አትከልክሉ፤ ቦታውን ለ20 ደቂቃ ተመልከቱት። ጥቂት ቀልቶ መጥፋት የተለመደ ነው። እንደ ሳማ ያበጠና የሚያሳክክ ከሆነ ሙከራው እዚያ ላይ ይቆማል።

4. ከእያንዳንዱ ጉብኝት በኋላ ቤት ስትደርሱ ልብስ ለውጡ፣ ፊትና እጅ ታጠቡ። ነጥቡን አራት ጊዜ መዝግቡ፦ እዚያው ሳላችሁ፣ ከ1 ሰዓት በኋላ፣ ከመኝታ በፊት፣ በማግስቱ ጠዋት። አለርጂ ከብዙ ሰዓት በኋላም ሊነሳ ስለሚችል የሌሊቱ ሳል ከሳሎኑ ማስነጠስ ይበልጥ ይነግራችኋል።

5. ሦስቱም ከ1 ነጥብ ካላለፉ እንስሳው የተኛበትን ጨርቅ ተውሳችሁ ሳሎናችሁ ውስጥ ለሦስት ቀን አኑሩት። መኝታ ክፍል አታስገቡት። ከዚያ ጨርቁን መልሱ፣ ክፍሉንም በእርጥብ ወልውሉ።

6. በመጨረሻ እንስሳውን ለሁለት ሳምንት ተዋሱት። ባለቤቱ ከተስማማ ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ የለም። ደረጃ 5ን የምታዘጋጁት ከዚህ ትውሰት በፊት ነው።

ውጤቱን እንዴት ታነቡታላችሁ?

ሁሉም 0 እና 1 ከሆነ ቀጥሉ። አንድ ጊዜ 2 ካያችሁ ያንኑ ጉብኝት ከሳምንት በኋላ ድገሙ፤ እንደገና 2 ከሆነ ያ እንስሳ ይቅር፣ ሌላ እንስሳ ግን ሊሞከር ይችላል፤ ከሁለት ውሾች አንዱን ብቻ የሚችል ሰው አለ። 3 ከታየ ሙከራው ያበቃል። "በመድኃኒት እንሞክረው" አትበሉ። ለዓመታት በየቀኑ እንክብል እየዋጠ አብሮ የሚኖር ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ያ ግን ለራሱ የወሰነ አዋቂ እንጂ ሌሎች የወሰኑለት ልጅ መሆን የለበትም።

ማስጠንቀቂያ፦ ትንፋሹ ካጠረ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሃል ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ፊቱ ካበጠ ፓፉን ስጡና በቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ሩጡ። ከከተማው ዳር ወደ ሆስፒታል መንገዱ ሩቅ ነው፤ ማታ መኪና የምታገኙበትን ስልክ ከሙከራው በፊት ያዙ።

ደረጃ 5፦ ቤቱንና ግቢውን አዘጋጁ

መኝታ ክፍል ዝግ ነው። ለሁሉም እንስሳ፣ ሁልጊዜ። ሰው ከቀኑ ሲሶውን የሚያሳልፈው እዚያ ነው። ፍራሹን በዚፕ በሚዘጋ ሽፋን ልበጡ። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠብ፤ ማሽን ከሌለ ውሃ አፍሉና ዘፍዝፉት።

ሳሎን። ምንጣፉን ጠቅልላችሁ አውጡ። ወለሉ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ከሆነ ጥሩ፤ በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ግን ብናኙን መልሶ አየር ላይ ይበትነዋልና በእርጥብ መወልወያ ብቻ ወልውሉ። ማታ ስለሚቀዘቅዝ መስኮት ተዘግቶ ያድራል፤ ስለዚህ በየጠዋቱ ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶችን ለግማሽ ሰዓት ክፈቱ። አለርጂ ያለበት ሰው በዚህ ጊዜ ውጭ ይሁን።

የበር ሥርዓት። እንስሳውን የሚነካ ሁሉ የሚደርበው ሽርጥ ወይም አሮጌ ካፖርት ውጭ በሚስማር ይሰቀል። አጠገቡ ውሃ የያዘ ጀሪካንና ሳሙና ይኑር። ጋቢ ለብሶ ውሻ ማቀፍ ክልክል ይሁን፤ ጋቢው ማታ አልጋ ላይ ይወጣል።

የውሻ ቤት። ከመኝታ ክፍል መስኮት የራቀ ጥግ ምረጡ። ቆርቆሮ ብቻውን ቀን ይግላል ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ጣውላ አድርጉና ቆርቆሮውን ለክዳን ተጠቀሙ። ክረምት ጭቃው እንዳይገባ በብሎኬት ከመሬት አንሱት። አጥሩን ዙሩና ከሥሩ የተቦረቦረ ቦታ ካለ በድንጋይ ዝጉ፤ ጅብ የሚገባው በዚያ ነው። ጅብ በሚዞርበት ሰፈር ውሻን ማታ በሰንሰለት ማሰር ማምለጫ መንፈግ ነው።

ደረጃ 6፦ የሚመጣበት ቀን

1. ከበዓል ሳምንት አርቁት። በግ፣ ቄጠማ፣ ጭስና እንግዳ በተሰበሰበበት ቀን የትኛው እንዳስነጠሰ አይታወቅም።

2. 8 ሳምንት ያልሞላው ቡችላ ወይም የድመት ልጅ ከእናቱ አትለዩ።

3. መጀመሪያ የእንስሳት ክሊኒክ፣ ከዚያ ቤት። የትል መድኃኒት፣ የቁንጫ መድኃኒት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ክትባቱ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወር ዕድሜ ይሰጣል፣ በየዓመቱም ይደገማል። ካርዱን አስቀምጡ። ወደ ገላንና ዱከም በኩል ላላችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው።

4. ያልተከተበ እንስሳ ማንንም ቢነክስ ወይም ቢቧጭር ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ይህ ከአለርጂው ሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም።

5. እንስሳው በመጣ ቀን ቀጥታ ወደ ተዘጋጀለት ቦታ ይግባ። "ለዛሬ ብቻ ሳሎን ይደር" አትበሉ፤ ነገ ማስወጣት ይከብዳል።

ደረጃ 7፦ እስከ ሦስተኛው ወር

ደብተሩን አትዝጉ። የመጀመሪያውን ወር በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለቴ ጻፉ። አለርጂ ከወራት በኋላም ሊጀምር ይችላል፤ ሙከራውን ማለፋችሁ ለዘለዓለም ዋስትና አይደለም። ውሻዋን ጤነኛ ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጠባት። መታጠቡ ፕሮቲኑን ይቀንሳል፣ ግን በጥቂት ቀናት ይመለሳልና ማቋረጥ የለም። ድመትን ማጠብ ትርፉ መቧጨር ነው፤ ተዉት።

ችግር ሲመጣ

ነጥቡ ከ0 ወደ 1 ከፍ ብሎ ከቆየ፦ እንስሳውን ሳትከሱ የበሩን ሥርዓት መርምሩ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሽርጥ ሳይደርብ የገባ ሰው ወይም ተከፍቶ የተረሳ መኝታ ክፍል ነው። ለአንድ ሳምንት አጥብቃችሁ እዩ።

ማሳከኩ እግር ላይ ብቻ ከሆነ፦ ቁንጫ ፈልጉ። እንስሳውን ነጭ ጨርቅ ላይ አቁማችሁ በማበጠሪያ አበጥሩ፤ የወረደው ጥቁር ፍርፋሪ ሲረጥብ ከቀላ የቁንጫ ኩስ ነው። እንስሳውንም መኝታውንም በአንድ ቀን አክሙ። ለእርሻ ወይም ለቤት ተባይ የሚረጭ መድኃኒት እንስሳ ላይ አታድርጉ።

ሰኔ ላይ ከባሰ፦ ዝናቡ ውሻዋን በረንዳ ላይ አምጥቷት ይሆናል፣ ወይም ግድግዳው ሻግቷል። ሁለቱንም እዩ።

ልጁ ደብቆት ከሆነ፦ እንስሳው እንዳይወሰድበት ፈርቶ ሳሉን የሚውጥ ልጅ አለ። ሌሊት ተኝቶ ሳለ ደረቱን አድምጡ፣ ጠዋት ትራሱን እዩ። "ብትነግረን አንጥለውም፤ የሚሄድበት ቤት አለው" በሉት። ደረጃ 2 ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ያስፈለገው ለዚህም ነው።

ነጥቡ 2 ሆኖ ሁለት ሳምንት ከቆየ ወይም አንዴ 3 ከደረሰ፦ እንስሳው ወደ ተቀባዩ ይሂድ። በቀን ውሰዱት፣ ከተቻለ ልጆቹም አብረው ሄደው ቦታውን ይዩ። የክትባት ካርዱን፣ የለመደውን ሳህን፣ የተኛበትን ጨርቅና የአንድ ሳምንት ምግብ አብራችሁ ስጡ። ከዚያ መጋረጃውንና የሶፋውን ልብስ እጠቡ፣ ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። የሄደችው ድመት ከሆነች ፕሮቲኗ ቤት ውስጥ ከ4 እስከ 6 ወር ሊቆይ ይችላል፤ የታመመው ሰው በማግስቱ ካልተሻለው አትደንግጡ፣ ይህ ጊዜ ሳያልፍም ሌላ እንስሳ ለመሞከር ደብተሩን አትክፈቱ።